ጭነትና ድጋፍ፦ የዳሌ ወለል ጡንቻ ሕክምና ለዋጃ አረጋውያን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ሽንታቸውን መቆጣጠር ስለተሳናቸው አረጋውያን እናቶች መናገር እንግዳ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉዳዩ ግን ከሙያው የራቀ አይደለም። የሚነገረው ስለ ጭነት፣ ጭነቱን ስለሚሸከመው ድጋፍ፣ ድጋፉ ሲረግብ ስለሚደርሰው ጉዳትና እንደገና ስለሚጠነክርበት መንገድ ነው። ጭነቱ በአብዛኛው ውኃ ነው። ውኃው የሚቀዳበትን ቦታ የሚመርጠው፣ የቦኖውን ቁመት የሚወስነውና የመጸዳጃ ቤቱን ንድፍ የሚያወጣው ደግሞ መሐንዲሱ ነው። ስለዚህም ሐኪሙ የሚጠግነውን አካል መሐንዲሱ ሳያውቀው ሊያደክመው፣ አውቆ ከሠራም ሊያሳርፈው እንደሚችል ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ሀ/ የቦታው ሁኔታና የጭነቱ መጠን

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዚህ ሜዳ የሚኖረው ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው በማስገባት ማሽላውንና ጤፉን ሲያመርት የኖረ፣ የውኃን ዋጋ ከማንም አብልጦ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። በአጎራባቹ የቆቦ ጊራና ሸለቆም የከርሰ ምድር ውኃን ለመስኖ ለማዋል ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ይሁን እንጂ ውኃ ከመሬት በታች ሞልቶ መገኘቱ ብቻውን እናቲቱን ከሸክም አያድናትም። ከጉድጓዱ እስከ ማድጋዋ ያለውን ርቀት የሚሸፍነው፣ አህያ ወይም ጋሪ ከሌላት፣ ያው የእርሷ ጀርባ ነው።

የሸክሙን መጠን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው የውኃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚል ነበር። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ በዚህ መለኪያ በቀን 125 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከስድስት ጊዜ በላይ መሙላት ማለት ነው። ቦኖው መለኪያው በሚፈቅደው የመጨረሻ ርቀት ላይ ቢሆን፣ ስድስት ምልልስ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህም ግማሹ 20 ኪሎ ግራም ውኃ ታዝሎ የሚኬድ ነው። እንግዲህ መለኪያው በወረቀት ላይ ተሟልቷል ቢባል እንኳ፣ ለአንዲት ሴት ጀርባ የማይቻል ሥራ ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም ቤተ ሰቡ ከሚያስፈልገው በታች ይቀዳል፤ እናቲቱም ከምትችለው በላይ ትሸከማለች።

በቀን ሁለት ጀሪካን ብቻ የምትቀዳ ሴት ብትወሰድ እንኳ በዓመት 14,600 ኪሎ ግራም ውኃ ታነሣለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ 438 ቶን ይሆናል። በዚህ ላይ ማገዶው፣ የእህሉ ጆንያና የታዘለው ሕፃን አልተቆጠረም።

ለ/ ጭነቱን የሚሸከመው አካል

ከሰው ዳሌ በታች፣ ከፊተኛው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ ተወጥሮ የተዘረጋ የጡንቻ ወለል አለ። የሽንት ፊኛን፣ የሴትን ማኅፀንና የትልቁን አንጀት መጨረሻ ከሥር ደግፎ የሚይዘው፣ የሽንትና የዓይነ ምድር መውጫዎችንም አጥብቆ የሚዘጋው እርሱ ነው። አገራችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት፤ ይኸውም የጠፍር አልጋ ነው። በአልጋው ዙሪያ ያለው እንጨት የዳሌ አጥንት፣ በመካከሉ የተወጠረው ጠፍር ደግሞ ጡንቻው ነው እንበል። ጠፍሩ በብዙ ዓመት ክብደት ሲረግብ የተኛው ሰው ወደ መካከል ይሰምጣል፤ አልጋው ግን አይጣልም፣ ጠፍሩ እንደገና ይወጠራል። በሰው አካል ያለው ጠፍር ከዚህም የሚሻልበት ነገር አለ፤ ሕያው ስለሆነ በሥራ ይበልጥ ይጠነክራል።

የሆድ ክፍል ከላይ በድያፍራም፣ ከፊትና ከጎን በሆድ ጡንቻዎች፣ ከኋላ በአከርካሪ፣ ከታች ደግሞ በዚህ ወለል ተዘግቷል። ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያምጥ ወይም ከባድ ዕቃ ሲያነሣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱም ወደ ታች ወለሉን ይጫነዋል። ወለሉ ጠንካራ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ተሰብስቦ መውጫውን ይዘጋል። ከደከመ ግን ሽንት ያመልጣል፤ ድካሙ ከበረታም ማኅፀኑ ወይም የፊኛው ግድግዳ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል።

ወለሉን የሚያደክሙት ነገሮች ብዙዎች ናቸው። የመጀመሪያው ወሊድ ነው፤ በተለይም ምጡ ሲረዝም ጡንቻው ይሰነጠቃል፣ ነርቩም ይለጠጣል። ሁለተኛው የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚከተለው የሆርሞን መቀነስና የዕድሜ መግፋት ነው። ሦስተኛው በየቀኑ የሚደጋገም ግፊት ሲሆን፣ ይህም ከባድ ሸክም፣ የሆድ ድርቀትና ሥር የሰደደ ሳል ነው። ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ሳል በኋላ ዕድሜዋ ከዳሌዋ ወለል ድካም ጋር እንደሚገናኝ ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

ችግሩ የሴቶች ብቻ አይደለም። በዕጢ ምክንያት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወንዶችም ሽንት ሊያመልጣቸው ይችላል፤ ከዚህ በታች የሚገለጸው እንቅስቃሴም ለእነርሱ ይሰጣል።

ሐ/ ዝምታው

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች በሰሜን ጎንደር በዳባት ወረዳ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በሐኪም ከተመረመሩት ሴቶች መካከል ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የዳሌ አካላት መውረድ ሲገኝ፣ ምልክቱ እንዳለባቸው በቃል የተናገሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ጥናቱ ችግሩን በቀን ለብዙ ሰዓት ከባድ ዕቃ ከመሸከምና ከተራዘመ ምጥ ጋር አያይዞታል። ዳባት ደጋ ነው፤ ዋጃ ቆላ ነው። ነገር ግን ጀሪካኑ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ዝምታውም እንደዚያው።

የዝምታው ዋጋ በገንዘብ አይለካም። በዋጃ የምትኖር፣ ዕድሜዋ ከስድሳ ያለፈ፣ ብዙ ልጆች የወለደች እናት ትታሰብ። ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ ቅዳሴ ቆማ ማስቀደስ ትፈራለች፤ ሙስሊም ከሆነችም ውዱዋ በየጊዜው እየፈረሰባት ከሰው ጋር መስገድ ያሳፍራታል። ሽንት ያለ ማቋረጥ የሚያመልጠው ሰው ለእያንዳንዱ የሶላት ወቅት ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚችል የእስልምና ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ዳሩ ግን ይህን ለመጠየቅ በመጀመሪያ ችግሩን መናገር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት መቀመጥ፣ ቡና መጠራራት፣ በአውቶቡስ እስከ ወልድያ መሄድ አንድ በአንድ ይቀራል። ጎረቤት «እማማ ዛሬስ ምነው ጠፉ?» ብሎ ሲጠይቅ «አረጀሁ» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ነገሩም በዚያው ይታለፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ብዙዎቹ መድኃኒት ይሆነናል ብለው ውኃ መጠጣት መቀነሳቸው ነው። እንደ ራያ ባለ ሞቃት አገር ይህ አደገኛ ነው። ሽንቱ ይጠነክራል፣ ፊኛውን ይቆጠቁጣል፣ ሆድም ይደርቃል፤ የሆድ ድርቀት ደግሞ የበለጠ ማማጥን ያስከትላል። ስለዚህ መፍትሔ የመሰለው ነገር ችግሩን መልሶ ያባብሰዋል።

መ/ ሕክምናው

አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬጌል እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን ጡንቻ በእንቅስቃሴ ማጠናከር እንደሚቻል አሳተመ። ለመሐንዲስ ትኩረት የሚስበው፣ ኬጌል እንቅስቃሴውን ያቀረበው ከአንድ የግፊት መለኪያ መሣሪያ ጋር መሆኑ ነው። ታካሚዋ ጡንቻዋን በትክክል ስታጠብቅ የመለኪያው ጠቋሚ ከፍ ይላል፤ በዚህም ሥራዋን ራሷ ታያለች። ቁም ነገሩ መሣሪያው አይደለም፤ ሰው ማየት የማይችለውን ጡንቻ እንዲያውቀው የሚያደርግ ምልክት ማስፈለጉ ነው። በቃል ብቻ ከተነገራቸው ሴቶች ብዙዎቹ በዳሌው ወለል ፈንታ ሆዳቸውን ወይም መቀመጫቸውን ያጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ወደ ታች ያምጣሉ። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው መርምሮ ማረጋገጡ ተገቢ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ ነጠላ በርጩማ ላይ አድርጎ፣ በእርሱ ላይ ተቀምጦ ጡንቻው ከነጠላው ወደ ላይ ሲሸሽ መሰማቱ ጥሩ ምልክት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን ታጥፋለች። የሆድ አየር እንዳያመልጥ እንደሚይዝ ሰው ፊንጢጣዋን፣ ከዚያም ወደ ፊት ሽንት የሚወጣበትን ታጠብቃለች፤ ወደ ውስጥና ወደ ላይም ትስባለች። በዚህ ጊዜ ትንፋሽ አይያዝም፤ ሆድ፣ ጭንና መቀመጫም ይላላሉ። መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ መያዝ ይበቃል፤ ቀስ በቀስ እስከ አሥር ሰከንድ ይደረሳል። በየመካከሉ የያዘችውን ያህል ጊዜ ታርፋለች፤ ዕረፍቱም እንደ ሥራው ያስፈልጋል። ይህ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራል። ተኝታ ሲቀልላት ተቀምጣ፣ ከዚያም ቆማ ትሠራዋለች። ውጤቱ የሚጠበቀው ቢያንስ ከሦስት ወር የማያቋርጥ ልምምድ በኋላ ነው። ጡንቻውን ለመለየት አንድ ጊዜ ሽንትን መሃል ላይ መግታት ይቻል ይሆናል፤ እንደ ልምምድ ግን መደጋገም አይገባም።

ሁለተኛው ትምህርት ጡንቻውን በጊዜው ማዘዝ ነው። ከማሳል፣ ከማስነጠስና በተለይም ጀሪካን ከማንሣት በፊት ወለሉን ቀድሞ ማጥበቅ፣ ዕቃው እስኪነሣም ይዞ መቆየት ነው። ሽንት ድንገት ለሚያጣድፋቸው ደግሞ ፊኛውን ማስተማር ይጨመራል፤ ስሜቱ ሲመጣ ከመሮጥ ይልቅ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ጡንቻውን ማጥበቅ፣ ስሜቱ ሲበርድ ተረጋግቶ መሄድ፣ በሁለት የመሽናት ጊዜያት መካከል ያለውንም ዕረፍት በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ማራዘም ነው። ለእነዚህ ሰዎች ቡናን ከሦስተኛው ስኒ መቀነስም ይረዳል።

የሕክምናው ጥቅም በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 1,817 ሴቶች የተሳተፉባቸውን 31 ጥናቶች መርምሯል። በማሳልና ዕቃ በማንሣት ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው መካከል፣ እንቅስቃሴውን ከሠሩት 56 ከመቶ ድነናል ሲሉ፣ ካልሠሩት ግን ይህን ያሉት 6 ከመቶ ብቻ ናቸው። የዳሌ አካላት መውረድን በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በላንሴት የታተመውና 447 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እንቅስቃሴው ምልክቶቹን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የሕክምናው ወሰንም መታወቅ አለበት። ማኅፀኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ከወጣ እንቅስቃሴ ብቻውን አይመልሰውም፤ ፔሳሪ የሚባለው የቀለበት ድጋፍ ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ከተራዘመ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ፊስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ፊስቱላ ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳን ደግሞ እንቅስቃሴ አይደፍንም። በሽንት ደም ያየ፣ ሕመም ያለው ወይም መሽናት ያቃተው ሰው አስቀድሞ በሐኪም መታየት አለበት። ጡንቻቸው ረግቦ ሳይሆን ከልክ በላይ ተወጥሮ የሚሠቃዩም አሉ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ማጥበቅ ሳይሆን ማላላት ነው።

ሠ/ ማን ያስተምር?

አገራችን በዚህ ሥራ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ስሙ በዓለም የታወቀው በቀዶ ሕክምናው ቢሆንም፣ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎን ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል። ቀዳዳው ተደፍኖም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉና፣ የተዳከመውን ጡንቻ መልሶ ማሠራት የሕክምናው አካል ሆኗል። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ቅርንጫፎቹን በክልሎች የከፈተ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ባሕር ዳርና መቀሌ በሰሜኑ ክፍል ይገኛሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ያሠለጥናል።

ይሁንና ለዋጃ እናት ባሕር ዳርም መቀሌም ጎንደርም ሩቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው ጦርነትም የአካባቢውን የጤና ተቋማት ጎድቶ አልፏል። ሦስት ወር ሙሉ የሚሠራን ልምምድ ለመማር በየሳምንቱ ረጅም መንገድ መመላለስ አይቻልም። ታዲያ ትምህርቱ ወደ እርሷ እንዴት ይምጣ?

እዚህ ላይ ከካናዳ የተገኘ ውጤት ይጠቅማል። በሞንትሪያልና በሸርብሩክ ከተሞች ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 362 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለየብቻቸው፣ ግማሾቹ ስምንት ስምንት ሆነው ለአሥራ ሁለት ሳምንት ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የሽንት ማምለጡ ድግግሞሽ ለየብቻ በተማሩት በ70 ከመቶ፣ በቡድን በተማሩት በ74 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። በቡድን መማር ለየብቻ ከመማር አላነሰም ማለት ነው። እያንዳንዷ ሴት አስቀድሞ ለብቻዋ ተመርምራ ጡንቻዋን መለየቷ ግን ሊረሳ አይገባም።

በቡድን መሰብሰብ ለካናዳ አዲስ ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ ለራያ ግን የኑሮ ሥርዓት ነው። የጽዋ ማኅበር አለ፣ እድር አለ፣ በሙስሊም እናቶች ዘንድ የዱበርቲ ስብስብ አለ፣ በየቀኑም ቡና አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል። አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም አዋላጅ ነርስ እነዚህን ሠራተኞች ብታሠለጥን፣ እነርሱም በጤና ኬላ ለየብቻ ካዩአቸው በኋላ ስምንት ስምንት እናቶችን ቢያሰባስቡ፣ የሚያስፈልገው ሰሌን፣ ነጠላና ሦስት ወር ነው። ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም የለውም። ከዚህም በላይ ስምንት ሴቶች በአንድ ቤት ሲገናኙ እያንዳንዷ ችግሩ የእርሷ ብቻ አለመሆኑን ታያለች፤ ዝምታውም በዚያው ይሰበራል።

ረ/ ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው

አንድ ድልድይ ምሰሶው ተጠግኖ በላዩ የሚያልፈው ጭነት ግን ከልክ በላይ ሆኖ ቢቀጥል ጥገናው ምን ያህል እንደሚቆይ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። እንቅስቃሴው ጡንቻውን ያጠነክራል፤ በየቀኑ ከመሬት የሚነሣው ጀሪካን መልሶ ያደክመዋል። ስለዚህ ሕክምናው የሚጸናው በንድፉም ጭምር ነው።

አንደኛ፣ ቦኖ ሲሠራ ጀሪካኑ የሚቀመጥበት መደብ በመሬት ወለል ላይ መሆን የለበትም። ከባዱ ግፊት የሚደርሰው ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ከመሬት ሲያነሡ ነው። ከቧንቧው አጠገብ በሴቲቱ ወገብ ልክ የድንጋይ መደብ ቢታነጽ፣ ዕቃው እዚያው ላይ ተሞልቶ ጀርባዋን አዙራ ታዝለዋለች። ወጪው ጥቂት ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። ለአህያና ለጋሪ መቆሚያ ቦታ መተውም እንዲሁ ቀላል ነው።

ሁለተኛ፣ የአቅርቦት መለኪያ በሊትርና በኪሎ ሜትር ብቻ መቆም የለበትም። የተባለው ሊትር በስንት ምልልስ፣ በማን ጀርባ፣ በምን ዓይነት አቀበት እንደሚደርስ በጥናቱ ሰነድ ላይ ይጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መሠረታዊ አገልግሎት ለሚሉት የወረፋውን ጨምሮ የ30 ደቂቃ ደርሶ መልስ ወሰን አስቀምጠዋል፤ ይህ ከርቀት ብቻ የተሻለ ቢሆንም ክብደቱን ግን አይቆጥርም።

ሦስተኛ፣ መጸዳጃ ቤት ለአረጋውያን በሚመች መንገድ ይሠራ። ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ሽንታቸው የሚያመልጠው አንዳንድ ጊዜ ጡንቻቸው ስለደከመ ሳይሆን በጊዜ ስለማይደርሱ ነው። ከቤቱ ያልራቀ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለመቀመጥና ለመነሣት የሚያዝ ጠንካራ እንጨት በግድግዳው ላይ የተመታበት መጸዳጃ ቤት ብዙ ውርደት ያስቀራል።

አራተኛ፣ ጭሱን የሚያወጣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ዓይንንና ሳንባን ብቻ ሳይሆን፣ ሳልን በመቀነስ ይህንንም አካል እንደሚጠቅም በሥራ ዕቅዱ ይታሰብ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ የውኃ ሥራ ሲመረቅ ሪባኑን የሚቆርጡት ባለሥልጣናት ናቸው፤ መጀመሪያ ጀሪካን የሚያስጠጉት ግን እናቶች ናቸው። ሥራው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚለውን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመሰክረው አካላቸው ነው። የማኅበሩ አባላት በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ለቆላው ከሚነድፏቸው ቦኖዎች ጀምሮ የወገብ ልኩን መደብ በንድፉ ላይ ቢያኖሩ፣ በየወረዳው ያሉ የጤና ባልደረቦችም የስምንት ስምንት እናቶችን ትምህርት ቢጀምሩ፣ በዋጃና በመሰሏ ስፍራዎች ያሉ አረጋውያን እናቶች ወደ ቅዳሴያቸው፣ ወደ ሶላታቸውና ወደ ቡናቸው ያለ ሥጋት ይመለሳሉ።